የጠረጴዛው ባዶ ጎን

የመጫወቻ ካርታ አውሮፓ ውስጥ የታወቀው በ14ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከግብፅ ማምሉኮች ተነሥቶ በሜዲትራኒያን ወደቦች በኩል እንደተሻገረ ይታመናል። ፍሎሬንስ ገና በ1377 በሕግ ከለከለችው፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት፤ ክልከላው መደጋገሙ ግን ሰሚ ማጣቱን ከመመስከር በቀር የፈየደው ነገር የለም። ሰው ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ሲበላበትና ሲደባደብ ሁለት መቶ ዓመት አለፈ። ሠዓሊዎች ግን ጨዋታውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በ1500ዎቹ መጀመሪያ የሌይደኑ ሉካስን የመሰሉ ጥቂት ሰዎች ካርታ ተጫዋቾችን ሥለዋል፤ ትልቁ ሸራና ትልቁ ገንዘብ ግን ለቅዱሳን፣ ለነገሥታትና ለጥንት አማልክት ነበር የሚወጣው። ይህን የገለበጠው ባሮክ የሚባለው የሥዕል ዘመን ነው። ግልበጣው ብዙ ጊዜ የሚተረከው ሥዕል ከሰማይ ወደ መጠጥ ቤት እንደወረደ ተደርጎ ነው። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ለውጥ የደረሰው ሸራው ፊት በቆመው ሰው ላይ ነው። ቆሞ ይጸልይ የነበረውን ተመልካች የካርታው ሥዕል ጠረጴዛው ዘንድ ጠርቶ አስቀመጠው፤ ሌላው የማያየውን አሳየው፤ አይቶ ዝም እንዲልም ግብረ አበር አደረገው። ታሪኩን ከመነሻው የተከታተለ ሰው ይህ አጋጣሚ እንዳልነበረ የሚረዳ ይመስለኛል።

መነሻው ሮም ናት፤ ያኔ ስለ ሥዕል አብዝተው ከሚጨነቁ ከተሞች አንዷ። በ1563 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንቶ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ምእመኑን እንዲያስተምርና ከብልግና እንዲጸዳ ደንግጎ ነበር። በ1582 ደግሞ የቦሎኛው ካርዲናል ገብርኤሌ ፓሌዮቲ ስለ ቅዱሳትና ስለ ዓለማዊ ሥዕሎች ሠዓሊ ሊጠብቀው የሚገባውን ሥርዓት የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። በ1571 ሚላን የተወለደው ሚኬላንጄሎ ሜሪሲ፣ በቤተሰቡ አገር ስም ካራቫጆ የተባለው ወጣት፣ ሮም የገባው በዚህ ድባብ ውስጥ በ1592 ገደማ ነው። በጁዜፔ ቼዛሪ የሥዕል ቤት ተቀጥሮ አበባና ፍራፍሬ ሲሥል ቆየና ጥሎ ወጣ። የራሱን ሥራ በአንድ ሥዕል ነጋዴ በኩል መሸጥ ጀመረ፤ ገቢው ግን ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ዘመኑን የሚያውቀው ሐኪሙ ጁሊዮ ማንቺኒ እንደጻፈው፣ መዳፍ አንባቢዋ ሴት የወጣቱን እጅ ይዛ የምትታይበትን ሥዕሉን የሸጠው በ8 ስኩዲ (የዘመኑ የሮም ገንዘብ) ነው። ማንም ያላዘዘውን ሥዕል ሠርቶ ገበያ ላይ የሚያወጣ ሠዓሊ ካህንም ልዑልም ርዕስ አይሰጠውም፤ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ዓይን ራሱ መያዝ አለበት። ካርታ ተጫዋቾቹን የሚያሳየው ሥዕሉ የመጣው ከዚህ ችግር ነው፤ ጊዜውም 1595 ገደማ።

ሸራው ትልቅ አይደለም፤ ቁመቱ 94፣ ወርዱ 131 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሰዎች አሉበት። በግራ በኩል ጠቆር ያለ ያማረ ልብስ የለበሰ ልጅ እግር ካርታዎቹን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጥሎባቸዋል፤ ከካርታዎቹ ሌላ ዓለም ያለ አይመስለውም። ከጀርባው በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው በትከሻው አሻግሮ ካርታውን ሰርቆ ያይና በጣቶቹ ለባልደረባው ምልክት ይሰጣል። የዚህ ሰው ጓንት ጫፉ ላይ ተቀዷል፤ የጣቶቹ ቆዳ በቀዳዳው ይታያል። ድህነት ብቻ አድርጎ የሚወስደው ሰው አለ፤ ቁማር የሚያውቅ ግን ምልክት የተደረገበትን ካርታ በጣት ዳስሶ ለመለየት የተከፈተ ቀዳዳ መሆኑን ይገምታል። በቀኝ በኩል ያለው ወጣት አጭበርባሪ ቢጫና ጥቁር ለብሶ ወደ ጠረጴዛው ተደፍቷል፤ ፊቱን ከሞላ ጎደል ወደዚያ ስላዞረ የምናየው ጀርባውን ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አለ፦ ጩቤ፣ እና ከሱሪው መታጠቂያ የተደበቀ ካርታ ሊመዝ የተላከ እጅ። ጨዋታው ለዛሬው ፖከር አያት የሚባለው ፕሪሜሮ ሳይሆን አይቀርም። ጥበቡ ከአቀማመጡ ላይ ነው። የዋሁ ልጅ የሚያየው ካርታውን ብቻ ነው። ሽማግሌው የልጁን ካርታ ያያል፤ ወጣቱ የሽማግሌውን ምልክት ይጠብቃል። ቀዳዳውን፣ ጣቱን፣ ጩቤውንና የተደበቀውን ካርታ በአንድ ጊዜ የሚያይ ግን በሸራው ውስጥ ማንም የለም። ያንን ማየት የሚችለው በጠረጴዛው ወዲህኛው ጎን የቆመው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ተመልካቹ ነው። ነገር በዓይን ይገባል እንደሚባለው፣ ጥፋቱ በዓይናችን ገብቶ የእኛም ይሆናል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። ካራቫጆ ያየውን ነው የሣለው፤ የሮም መጠጥ ቤቶች በቁማርተኛ የተሞሉ ነበሩ፤ ስለዚህ ሥዕሉ የዘመኑ ኑሮ ማስረጃ እንጂ ተመልካችን ለማጥመድ የተዘረጋ ወጥመድ አይደለም ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ሞዴሎቹ ሕይወት ያላቸው ሰዎች ለመሆናቸው ፊታቸው ይናገራል። ሥዕሉ የመጠጥ ቤት ዘገባ ከሆነ ግን መጠጥ ቤቱ የት አለ? ብርጭቆ የለም፣ ግድግዳው ባዶ ነው፣ ሌላ ሰው አያልፍም። ላባ የሰኩትና ባለ ብዙ ቀለም ልብስ የለበሱት አጭበርባሪዎች ከመንገድ ይልቅ በዘመኑ በጣሊያን አደባባዮች ይታይ የነበረውን ጭምብል ለባሾች ቲያትር ያስታውሳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እውነተኛ አጭበርባሪ የደበቀውን ካርታ ሰው ወዳለበት አቅጣጫ አያዞርም። ይህ ወጣት ካርታውን የደበቀው ከልጁ ብቻ ነው፤ ለእኛ ግልጥልጥ አድርጎ ያሳየናል። ሠዓሊው ከኑሮ የወሰደው ፊትና ጨርቅ ነው፤ ማን ምን እንደሚያይ የሚወስነውን አቀማመጥ ግን ራሱ አስልቶ ሠርቶታል።

ሥዕሉን የገዛው ካርዲናል ፍራንቸስኮ ማሪያ ዴል ሞንቴ ነው፤ በመዲቺዎች ቤተ መንግሥት በፓላዞ ማዳማ የሚኖር፣ ሙዚቃና ሳይንስ የሚወድ ሰው። (ቤቱ ዛሬ የጣሊያን ሴኔት መቀመጫ ነው፤ ካርታ የመደበቅ ጥበብ ከዚያ ቤት ጠፍቷል ብሎ ለመማል ድፍረት ይጠይቃል።) ካርዲናሉ መዳፍ አንባቢዋንም የራሱ አደረገ፤ ሠዓሊውንም ቤቱ አስገብቶ አኖረው። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የከበደውም፣ እዚህ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን አለቃ እንዲህ ያለ ሥዕል ገዝቶ የሚሰቅለው ተግሣጽ ስላየበት ነው፤ ልጁ ወይንን፣ ሴትንና ቁማርን ተከትሎ የአባቱን ገንዘብ የበተነው የሉቃስ ወንጌሉ የጠፋው ልጅ ነው ይባላል። አባባሉን ንቄ አላልፈውም፤ በዚያ ዘመን የኖረ ማንኛውም ክርስቲያን ያን ምሳሌ ያውቃል፤ ባለጠጋ ልጅ ከቁማርተኛ ጋር ሲቀመጥ ሲያይም ሳያስታውሰው አይቀርም። ግን ምሳሌው መጨረሻ አለው፤ ልጁ ይራባል፣ ይጸጸታል፣ ይመለሳል፣ አባቱም ሮጦ ያቅፈዋል። ሥዕሉ መጨረሻ የለውም። ካርታው ከሱሪው ገና አልወጣም፤ ልጁ ገና አልተበላም፤ አጭበርባሪም አልተቀጣም። ስብከት የሚያስፈልገው ፍርድ ነው፤ ካራቫጆ ደግሞ ፍርዱን ለተመልካቹ እንኳ አልሰጠውም፤ የሰጠው ምስጢሩን ነው። ምስጢር የያዘ ሰው የሚሰማው ከተግሣጽ ይልቅ የመሻል ስሜት ነው፤ ከልጁ እበልጣለሁ፣ እኔ አይቻለሁ የሚል። ካርዲናሉ በእንግዶቹ ፊት የሚደሰተውም በዚህ ስሜት ይመስለኛል።

ይህ አቀማመጥ ለቀልድ ብቻ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ከመጠጥ ቤት አያልፍም ነበር። አልፏል። በ1599 ካራቫጆ በሳን ሉዊጂ ዴ ፍራንቸዚ ቤተ ክርስቲያን ለኮንታሬሊ ጸሎት ቤት ሥዕሎች እንዲሠራ ተዋዋለ፤ በ1600 የማቴዎስ ጥሪ ለሕዝብ ታየ። ቀራጩ ማቴዎስ ከባልደረቦቹ ጋር ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጧል፤ ሳንቲም ይቆጠራል፤ በጠርዙ ያለው ወጣት አንገቱን ደፍቶ ከገንዘቡ ዓይኑን አላነሣም፤ ከቀኝ በኩል ክርስቶስ ገብቶ እጁን ዘርግቷል። ላባ የሰኩ ወጣቶች፣ ጠረጴዛ፣ ለአንዱ የሚታይ ለሌላው የማይታይ ነገር፤ ሁሉም ከካርታ ተጫዋቾቹ የተዛወረ ነው። ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ስሕተት የሠራ ሰው ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊና ጸሐፊ ዮአኪም ፎን ዛንድራርት ሮም ኖሮ ሥዕሉን በዓይኑ ያየ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1675 ባሳተመው መጽሐፍ ማቴዎስ ከወሮበሎች ጋር ካርታና ዳይስ ሲጫወት ክርስቶስ እንደደረሰበት አድርጎ ጻፈው። በሥዕሉ ላይ ካርታም ዳይስም የለም። ጠረጴዛው ግን የቁማር ጠረጴዛ መሆኑን ዓይኑ አልሳተም። ለተመልካቹም ያው ቦታ ተትቶለታል፤ ገንዘብ ቆጣሪው ወጣት ያላየውን ጥሪ አይቷል፤ ያየውን ይዞ ምን እንደሚያደርግ ግን ሥዕሉ አይነግረውም።

ሠዓሊው ራሱ የጨዋታ ሰው ነበር። ግንቦት 28 ቀን 1606 በካምፖ ማርዚዮ የኳስ መጫወቻ አካባቢ ራኑቺዮ ቶማሶኒ የተባለውን ሰው በፍልሚያ ገደለ፤ የዚያን ሰሞን የወሬ ደብዳቤዎች ጠቡን በጨዋታ ላይ ከተያዘ 10 ስኩዲ ጋር አያይዘውታል። ሞት ተፈረደበት፤ ሸሸ፤ ኔፕልስ፣ ማልታ፣ ሲሲሊ ሲንከራተት ኖሮ በ1610 በፖርቶ ኤርኮሌ ሞተ። ከሕይወቱ ተነሥቶ ሥዕሉን መተርጎም ለብዙዎች ይጥማል። እኔን አያሳምነኝም፤ ካርታ ተጫዋቾቹ ከግድያው አሥር ዓመት ያህል ይቀድማሉ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል የሚሥሉትም ሁሉ ገዳዮች አልነበሩም።

የሚሥሉት ግን በዙ። ባርቶሎሜዮ ማንፍሬዲ ጠረጴዛውን፣ ወታደሮቹን፣ ጨለማውን ወስዶ ለሌሎች የሚተላለፍ መንገድ አደረገው፤ ዛንድራርት በኋላ የማንፍሬዲ ዘዴ ብሎ ስም አወጣለት። ፈረንሳዊው ቫለንቲን ደ ቡሎኝ ዛሬ ድሬስደን ያለውን ሥዕሉን ሲሠራ ሦስቱን ሰዎች እንዳሉ ይዞ ልጁን፣ አጭበርባሪውንና በጣቱ የሚጠቁመውን ካባ ለባሽ ወደ ጨለማው ሳባቸው። ይኸው ቫለንቲን በ1629 እና በ1630 ለቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የሰማዕታት ሥዕል የሠራ ሰው ነው፤ ገዢውም ሠዓሊውም ሁለቱን ዓለሞች በአንድ እጅ ይይዟቸው እንደነበር ያሳያል። ከሮም ወደ ዩትሬክት የተመለሱት ሆላንዳውያን፣ ቴር ብሩገን በ1614፣ ሆንትሆርስት በ1620፣ ቁማርተኛውን በሻንጣቸው ይዘው ገቡ። ተከታዮች ሲበዙ ጥራቱ ይወርዳል፤ ብዙዎቹ ጠረጴዛውን ያዙና ምስጢሩን ጣሉት፤ ጢማም ወታደርና የሻማ ብርሃን ብቻ ቀረ። ምስጢሩን አንሥቶ እስከ መጨረሻው የወሰደው ሮም ስለመሄዱ ማስረጃ የሌለው የሎሬን ሰው ነው።

ዦርዥ ደ ላ ቱር በ1593 በቪክ ሱር ሴይ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ሆኖ ተወልዶ ሉኔቪል ላይ ኖረ። አገሩ ሎሬን በሠላሳ ዓመቱ ጦርነትና በወረርሽኝ የተደቆሰች ነበረች፤ ሉኔቪልም በ1638 ተቃጠለች። በ1630ዎቹ ሁለት ጊዜ የሣለው አጭበርባሪ በአንዱ ሸራ ከመታጠቂያው የክለብ አስ፣ በሌላው የዳይመንድ አስ ይመዛል። ካርታው በቀጥታ ወደ እኛ ዞሯል፤ ቀለሙን እንኳ ለመለየት አንቸገርም። ፊቱ ግን ጥላ ውስጥ ነው። መካከል ላይ ያጌጠች ሴት ተቀምጣለች፤ እንደ እንቁላል የለሰለሰ ፊቷ አይንቀሳቀስም፤ ዓይኖቿ ብቻ ወደ ጎን ሸርተት ብለዋል። ወይን የያዘችው ገረድ ከጎኗ ቆማለች፤ እሷም ታውቃለች። በቀኝ ጫፍ ጌጣጌጥ የተደራረበበት ልጅ የወርቅ ሳንቲሞቹን ፊቱ ከምሮ ካርታውን ያያል። ካራቫጆ ዘንድ ምስጢሩን የሚያውቁት ሁለት ነበሩ፤ እዚህ ሦስት ሆነዋል፣ ከእኛ ጋር አራት። የማያውቀው ዛሬም አንድ ነው። ወይን፣ ሴትና ቁማር አብረው ስለተገኙ የጠፋው ልጅ ተቃውሞ እዚህ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ላ ቱር ምሳሌውን አላሰበውም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ልጁን ከሌሎቹ ለይቶ በሸራው ዳር ነጥሎ ሲያስቀምጠውና አስን ወደ እኛ ሲያዞር፣ ከማን ወገን እንዳስቀመጠን ግልጽ ነው። ተግሣጽ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ የተገሠጸው ልጁ ሳይሆን ከወንበዴዎቹ ጋር ተደምሮ የሚያየው ሰው ነው።

ዝቅተኛ አገሮች በሚባሉት በሆላንድና በፍላንደርስ ጨዋታው ሌላ ጠባይ ያዘ። በ1638 በለጋ ዕድሜው አንትወርፕ ላይ የሞተው አድሪያን ብራውወር ገበሬዎች በካርታ ተጣልተው ማሰሮ ሲያነሡ በትንንሽ ጣውላ ላይ ሣለ፤ ሩበንስ ሲሞት ከቤቱ 17 የብራውወር ሥራዎች ተገኝተዋል። ታላቁ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ የሰካራም ጠብ ሰብሳቢ መሆኑ እነዚህ ሥዕሎች ለተራ ገበያ ብቻ ነበሩ የሚለውን ያፈርሳል። ያን ስቴን በ1660ዎቹ አጋማሽ በካርታ የተነሣን ጠብ ሲሥል ማጭበርበሩ ካለፈ በኋላ ደረሰ፤ ካርታው መሬት ላይ ተበትኗል፣ ሰውዬው መሣሪያውን ሲመዝ ሴትና ሕፃን ይዘውታል። ፒተር ደ ሆክ በ1658 በሣለው ፀሐይ የገባበት ክፍል ደግሞ ማንም ማንንም አያታልልም፤ ሰዎቹ ካርታ ይዘዋል፣ ነገሩ ግን የብርሃኑ ነው። ይህ ክርክሬን ይጎዳዋል፤ አልደብቀውም። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ተመልካቹ ግብረ አበር አይደለም፤ በር ላይ የቆመ እንግዳ ነው። ሆኖም የቆመበት ቦታ ያው ነው፤ ሰው አለ ብለው ያላሰቡ ሰዎችን አሻግሮ ያያል። በ1672 የፈረንሳይ ጦር ሆላንድን ሲወርር የሥዕል ገበያው ወደቀ፤ ስቴንም በዚያው ዓመት ሌይደን ላይ መጠጥ ቤት ከፈተ። የሣለውን ጠብ ከዚያ በኋላ ቦታው ላይ ሆኖ ሳያየው አይቀርም።

የካራቫጆ ሸራ ራሱ ብዙ እጅ ዞረ። ዴል ሞንቴ በ1626 ሞተ፤ በ1628 ሥዕሉን ካርዲናል አንቶኒዮ ባርቤሪኒ ገዛው፤ ከዚያ በውርስ ወደ ኮሎና ዲ ሻራ ቤተሰብ አለፈ። በደርዘን የሚቆጠሩ ቅጂዎች ተሠሩለት። በ1890ዎቹ ተሸጠና ደብዛው ጠፋ፤ ለዘጠና ዓመት ያህል ሊቃውንት የተከራከሩት በፎቶግራፍና በቅጂ ላይ ነው። ላ ቱርም ተረስቶ ኖሮ በ1915 ጀርመናዊው የሥዕል ታሪክ ጸሐፊ ሄርማን ፎስ ሥራዎቹን ለባለቤታቸው መመለስ ጀመረ፤ በ1972 ሉቭር የዳይመንዱን አጭበርባሪ በ10 ሚሊዮን ፍራንክ ገዛ። በ1976 የሥዕል ታሪክ ጸሐፊው ኤዲ ደ ዮንግ በአምስተርዳም ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ የሆላንድ የኑሮ ሥዕሎች የተደበቀ ተግሣጽ እንዳላቸው ተከራከረ፤ በ1983 የሥዕል ታሪክ ጸሐፊዋ ስቬትላና አልፐርስ ሥዕሎቹ የሚሰብኩ ሳይሆኑ የማየት ጥበብ የሚያሳዩ ናቸው ብላ መለሰች። ሁለቱም የተከራከሩት ሥዕሉ ምን እንደሚል ነው፤ ሥዕሉ ተመልካቹን የት እንደሚያስቀምጥ ሲጠየቅ ግን ክርክሩ የሚያልቅበት መንገድ ይገኛል፤ ደ ዮንግ ያየው ጥፋትና አልፐርስ ያየችው ዓይን የሚገናኙት እዚያው የጠረጴዛው ባዶ ጎን ላይ ነውና።

በ1987 ሸራው ዙሪክ በአንድ የግል ስብስብ ውስጥ ተገኘና የቴክሳሱ ኪምቤል ሙዚየም ገዛው። ባለሙያዎች ከጀርባው የተለጠፈውን ማጠናከሪያ ጨርቅ ሲያነሡ የካርዲናል ዴል ሞንቴ ማኅተም ብቅ አለ፤ ማስረጃው እንደ ወጣቱ ካርታ ከጀርባ ተደብቆ ነበር። የላ ቱርን የክለብ አጭበርባሪ ሙዚየሙ ቀደም ብሎ በ1981 ገዝቶት ስለነበር ሁለቱ ሸራዎች አሁን ፎርት ዎርዝ ላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ቁማሩ ግን አላበቃም። በ2006 አንድ የለንደን የጨረታ ድርጅት ከቅጂዎቹ አንዱን የካራቫጆ ተከታይ ሥራ ብሎ በ42,000 ፓውንድ ሸጠ። ገዢው ሰር ዴኒስ ማሆን፣ የባሮክ ሥዕልን ሲያጠና ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ የካራቫጆ የራሱ እጅ ነው አለ፤ ሥዕሉም በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ዋስትና ተገባለት። የሥዕሉ የቀድሞ ባለቤት ሥዕሌ በሚገባ አልታየልኝም ብሎ የጨረታ ድርጅቱን ከሰሰ። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጓንቱ፣ ጨርቁና ፊቱ እንዴት እንደተቀቡ የባለሙያዎችን ቃል ለሳምንታት ሰምቶ ጥር 16 ቀን 2015 ፈረደ፦ ድርጅቱ ሥዕሉን በሚገባ አይቶታል፣ የሥራው ጥራትም ታላቅ ሠዓሊ እንዲጠረጠር የሚያደርግ አልነበረም። ማሆን በ2011 ሞቶ ስለነበር ፍርዱን አልሰማም።